የማይታየውን ጨረራ መለካት፦ ከመርካቶ የራጅ ክፍል እስከ ካንሰር ሕክምና ማዕከል

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ በሚዛን የሚተዳደር ገበያ ነው። በበርበሬ ተራ ኪሎው፣ በሸማ ተራ ክንዱና ሜትሩ፣ በምናለሽ ተራ ደግሞ የቁርጥራጭ ብረቱ ክብደት ሻጭና ገዥን ያስማማሉ። በዚሁ አካባቢ ግን በዓይን የማይታይ፣ ሽታም ሆነ ድምፅ የሌለው፣ በሰውነት ላይ ሲያርፍም የማይሰማ ነገር በየዕለቱ ለአገልግሎት ይውላል። ይህም በራጅ ምርመራ ክፍሎች የሚመነጨው ጨረራ ነው። የራጅ ባለሙያው በዓመት ውስጥ ምን ያህል ጨረራ እንደተቀበለ ሊያውቅ የሚችለው በስሜቱ ሳይሆን በደረቱ ላይ በሚሰካው አነስተኛ መለኪያ አማካይነት ነው።

የጨረራን መጠን ለመለካት በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች መካከል ሁለቱ በተለይ ተጠቃሽ ናቸው። አንደኛው ጨረራ ከተቀበለ በኋላ ሲሞቅ ብርሃን የሚሰጥ ክሪስታል ሲሆን በሙያው አጠራር ቴርሞሉሚነሰንት ዶዚሜትር፣ በአጭሩ ቲ ኤል ዲ ይባላል። ሁለተኛው ጨረራ ሲያርፍበት ቀለሙን የሚለውጥ ስስ ፊልም ሲሆን ራዲዮክሮሚክ ፊልም በመባል ይታወቃል። ሁለቱም ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ባትሪ የተቀበሉትን መጠን ይዘው ይቆያሉ። ልዩነታቸው በሚለኩት መጠንና በሚውሉበት የሥራ መስክ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የጨረራ ቁጥጥር ሕጋዊ መሠረት የያዘው ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ሲቋቋም ነው። ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 571/2000፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 እንዲሻሻል ተደርጓል። በ2014 ዓ.ም. በተካሄደው የአስፈጻሚ አካላት መልሶ ማደራጀት ደግሞ ኃላፊነቱ ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተሸጋግሯል። አገሪቱ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ የሠራተኞችን የጨረራ መጠን የመከታተል ግዴታ የሚመነጨው ከአገሪቱ ሕግና ከኤጀንሲው መመዘኛዎች በጣምራ ነው።

የቲ ኤል ዲ አሠራር ለመርካቶ ነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ የዱቤ ደብተርን ይመስላልና። በብዛት ጥቅም ላይ የሚውለው ሊቲየም ፍሎራይድ የተባለው ጨው መሰል ክሪስታል ሲሆን በውስጡ እጅግ ጥቂት ማግኒዥየምና ታይታኒየም ሆን ተብሎ ይጨመርበታል። እነዚህ ባዕድ ንጥረ ነገሮች በክሪስታሉ ውስጥ ጥቃቅን ወጥመዶችን ይፈጥራሉ። ጨረራ ሲያልፍ ከቦታቸው የሚያፈናቅላቸው ኤሌክትሮኖች በወጥመዶቹ ተይዘው ለወራት ይቆያሉ። የያዙት ብዛት ክሪስታሉ ከተቀበለው የጨረራ መጠን ጋር የተመጣጠነ ነው። ክሪስታሉ በንባብ መሣሪያ ውስጥ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲሞቅ የተያዙት ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ ሲለቀቁም ደካማ ብርሃን ይሰጣሉ። መሣሪያው ያን ብርሃን ለክቶ ወደ ጨረራ መጠን ይቀይረዋል። ዱቤው ሲወራረድ ገጹ እንደሚሰረዝ ሁሉ፣ ክሪስታሉም ከተነበበ በኋላ የያዘው መረጃ ይጠፋል።

ዘዴው ለጨረራ ልኬታ እንዲውል ቀደምት ጥረት ካደረጉት መካከል በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ፋሪንግተን ዳንኤልስ ይገኙበታል፤ ሥራቸው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተከናወነ ነው። ሊቲየም ፍሎራይድ የተመረጠበት ዋነኛ ምክንያት ጨረራን የሚቀበልበት መጠን ከሰው ሥጋ ጋር የተቀራረበ በመሆኑ ነው። ተፈጥሮም ተመሳሳይ መዝገብ ትይዛለች። በሂሮሺማ ከአቶሚክ ቦምቡ ፍንዳታ የተረፉ የጣሪያ ሸክላዎችና ጡቦች ከዓመታት በኋላ በዚሁ ዘዴ ተመርምረው በከተማዋ ላይ ያረፈውን የጨረራ መጠን ለማስላት ረድተዋል።

ሠራተኛው የሚሰካው ባጅ በውስጡ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክሪስታሎችን ይይዛል። በክሪስታሎቹ ላይ የሚደረጉት የተለያዩ መሸፈኛዎች ወደ ሰውነት ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር ጠልቆ የሚደርሰውን መጠን፣ እንዲሁም በቆዳ ላይ በ0.07 ሚሊ ሜትር ጥልቀት የሚያርፈውን ለይቶ ለመለካት ያስችላሉ። ባጁ በደረት አካባቢ የሚሰካ ሲሆን፣ አንድ ባጅ ብቻ የሚጠቀም ሠራተኛ የእርሳስ ሽርጥ ሲለብስ በአብዛኛው ከሽርጡ ሥር ያደርገዋል። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ከቆየ በኋላ ተሰብስቦ ለንባብ ይላካል። ከንባብ በኋላ በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ታክሞ እንደገና ለሥራ ይውላል። አንድ ክሪስታል በዚህ ዓይነት ለበርካታ ጊዜያት ያገለግላል።

ከሠራተኞቹ ባጆች ጋር ማንም የማይለብሰው አንድ መቆጣጠሪያ ባጅ ከራጅ ክፍሉ ርቆ መቀመጥ አለበት። ምክንያቱም ማንኛውም ሰው ከአፈር፣ ከድንጋይና ከጠፈር የሚመጣ ተፈጥሯዊ ጨረራ ይቀበላል፤ የዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ከጠፈር የሚመጣው ድርሻ በባሕር ዳርቻ ካሉ ከተሞች የበለጠ ነው። የመቆጣጠሪያው ባጅ ንባብ ከሠራተኛው ንባብ ላይ ካልተቀነሰ ተራራው የሰጠውና ሥራው የሰጠው ጨረራ ይቀላቀላሉ።

የዘዴው ደካማ ጎን የሚገኘው በክሪስታሉ ሳይሆን በአያያዙ ላይ ነው። በመሳቢያ ውስጥ የከረመ ባጅ ሲነበብ ውጤቱ ከመቆጣጠሪያው ባጅ ጋር እኩል ስለሚሆን በመዝገቡ ላይ ዜሮ ተብሎ ይሰፍራል። በአግባቡ የተጠበቀ ሠራተኛ ውጤትም ያው ዜሮ ነው። ሪፖርቱን የሚያነብ ኃላፊ ሁለቱን ከወረቀቱ ብቻ ሊለያቸው አይችልም። በተቃራኒው ከጋውን ጋር በራጅ ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሎ ያደረ ባጅ ማንም ያልተቀበለውን ከፍተኛ መጠን ያስመዘግባል። ንባቡ መረጃውን ስለሚያጠፋው ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ጥርጣሬ ሲነሳ ክሪስታሉን መልሶ መጠየቅ አይቻልም። ስለሆነም በአንድ ተቋም ያሉ ሠራተኞች ሁሉ ለተከታታይ ወራት ዜሮ የሚል ውጤት ካገኙ፣ ጉዳዩ ከደስታ ይልቅ ጥያቄ ሊያስነሳ ይገባል።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ጉዳይ በሁለት ቦታ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሁኔታ ነው። ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ በግል ክሊኒክ የሚሠራ የራጅ ባለሙያ የሚቀበለው መጠን የሁለቱ ድምር ነው። ሕጉ የሚጠብቀው ሰውን እንጂ መሥሪያ ቤትን አይደለም። ሁለቱ ተቋማት መዝገቦቻቸውን ካላገናኙ እያንዳንዳቸው ከገደቡ በታች ሆነው ሳለ ባለሙያው ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል።

በዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት የጨረራ ሠራተኛ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት በላይ ሊቀበል አይገባም፤ በአንድ ዓመትም ቢሆን ከ50 ማለፍ የለበትም። በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው ማሻሻያ ለዓይን ሌንስ የተቀመጠው ዓመታዊ ገደብ ከ150 ወደ 20 ሚሊሲቨርት ዝቅ ብሏል። ለማንኛውም ሌላ ሰው ገደቡ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው። ታካሚው በእነዚህ ገደቦች አይታሰርም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ምርመራው ተገቢ መሆኑና መጠኑ ከሚያስፈልገው አለመብለጡ ነው። ለንጽጽር ያህል አንድ የደረት ራጅ በአማካይ ከ0.1 ሚሊሲቨርት የማይበልጥ ሲሆን፣ የሆድ ሲቲ ስካን ግን 10 ሚሊሲቨርት ገደማ ሊደርስ ይችላል።

የ1 ሚሊሲቨርቱ ገደብ በመርካቶ ልዩ ትርጉም አለው። ክሊኒክ በንግድ ሕንፃ ውስጥ ሲከፈት ከራጅ ክፍሉ ግድግዳ ወዲያ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው ባለሱቅ ወይም ልብስ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ባጅ የለውም፤ ጎረቤቱ የራጅ ማሽን መሆኑንም ላያውቅ ይችላል። ቲ ኤል ዲ እዚህም ያገለግላል። ክሪስታሎቹ ከግድግዳው በስተጀርባ፣ በበሩ ላይና ከላይ ባለው ወለል ተለጥፈው ለአንድ ወይም ለሦስት ወር ቢቆዩ የእርሳሱ ሽፋን በእርግጥ መኖሩንና መብቃቱን ያሳያሉ። በፈቃድ አሰጣጥ ወቅት የሚደረገው የአንድ ቀን ልኬታ የማሽኑን ሁኔታ ሲያሳይ፣ የወራቱ ክምችት የሥራውን እውነተኛ ብዛት ያሳያል። ክፍሉ ሲታደስ ወይም ማሽኑ በሌላ ሲተካ ልኬታው መደገም ይኖርበታል።

ራዲዮክሮሚክ ፊልም የሚያገለግለው ከዚህ እጅግ ለሚበልጥ መጠን ነው። ፊልሙ በጨረራ ኃይል እርስ በርሳቸው የሚያያዙ ሞለኪውሎች የተቀቡበት ሲሆን፣ መያያዛቸው ሰማያዊ ቀለም ይፈጥራል። እንደ ቀድሞው የራጅ ፊልም ጨለማ ክፍልና ኬሚካል አያስፈልገውም፤ ቀለሙ እንዲረጋ እስከ አንድ ቀን ገደማ ተጠብቆ በስካነር ይነበባል። በአንድ ነጥብ ላይ ያረፈውን ብቻ ሳይሆን ጨረራው በስፋት እንዴት እንደተሰራጨ ከሚሊ ሜትር በታች በሆነ ጥራት ያሳያል። ሆኖም ለፀሐይ ብርሃን መጋለጥ ያበላሸዋል፤ በስካነሩ ላይ የሚቀመጥበት አቅጣጫም ውጤቱን ይለውጣል፤ ዳግም ጥቅም ላይም አይውልም።

ከመርካቶ ብዙም በማይርቀው የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የጨረራ ሕክምና የተጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. በኮባልት-60 ማሽን ነው። ማዕከሉ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በአገሪቱ ብቸኛው ሆኖ በመቆየቱ፣ ከየክልሉ በአውቶቡስ ተራ በኩል የሚገቡ ታካሚዎች መዳረሻ ነበር። በዚህ ሕክምና አንድ ታካሚ በየዕለቱ 2 ግሬይ እየተሰጠው በሳምንታት ውስጥ በጠቅላላ 50 ግሬይ ሊቀበል ይችላል። ኮባልት-60 በየ5.27 ዓመቱ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ በወር ሲሰላ 1 በመቶ ገደማ ነው። ስለሆነም ታካሚው በማሽኑ ሥር የሚቆይበት ጊዜ በየወቅቱ መስተካከል አለበት። መጠኑ ካነሰ ዕጢው አይጠፋም፤ ከበዛ ደግሞ ጤናማው አካል ይጎዳል።

የስሌት ስህተት ምን ሊያስከትል እንደሚችል በ1996 እ.ኤ.አ. በኮስታ ሪካ ታይቷል። አዲስ የኮባልት ምንጭ ሲተከል 0.3 ደቂቃ፣ ማለትም 18 ሰከንድ፣ እንደ 30 ሰከንድ ተወስዶ ተሰላ። በዚህም የማሽኑ ኃይል ከትክክለኛው ያነሰ ተደርጎ ስለተመዘገበ ከ100 በላይ ታካሚዎች ከታዘዘላቸው በላይ ጨረራ ተቀበሉ። ስህተቱ በአንድ ነጠላ ቁጥር ላይ የተፈጸመ ሲሆን፣ ገለልተኛ ልኬታ ቢደረግ ኖሮ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሊታወቅ ይችል ነበር።

ለዚሁ ዓላማ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ጤና ድርጅት ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቲ ኤል ዲ ልኬታ በፖስታ ሲያካሂዱ ቆይተዋል። ሆስፒታሉ የተላከለትን ትንሽ ጥቅል በራሱ ስሌት 2 ግሬይ ሰጥቶ ይመልሳል፤ ቤተ ሙከራው የተቀበለውን መጠን አንብቦ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ ሆስፒታሉን ያነጋግራል። ኤጀንሲው በ2017 እ.ኤ.አ. ክሪስታሉን ተደጋግሞ ሊነበብ በሚችል ልዩ መስታወት ተክቷል።

በዚያው በአዲስ አበባ፣ በቃሊቲ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የቆላ ዝንብ ማራቢያና ማምከኛ ማዕከል ጨረራን ለሌላ ዓላማ ያውላል። ወንድ ዝንቦችን ለማምከን በአሥሮች አልፎም ከመቶ በላይ የሚቆጠር ግሬይ ያስፈልጋል። ሰውን በጠቅላላ አካሉ ላይ ካረፈና ሕክምና ካላገኘ 4 ግሬይ ገደማ እንኳ ለሞት ሊያበቃው ይችላል። መጠኑ ሲያንስ ዝንቡ ይራባል፣ ሲበዛ ደግሞ ደክሞ ከዱር ወንዶች ጋር መወዳደር ያቅተዋል። በዚህ ዓይነት ሥራ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመከረው መለኪያ ራዲዮክሮሚክ ፊልም ነው።

ሁለቱም መለኪያዎች አንድ ነገር አይሠሩም፤ አያስጠነቅቁም። በምናለሽ ተራ ከሚራገፈው ቁርጥራጭ ብረት መካከል የተጣለ የጨረራ ምንጭ ቢገባ ባጁ የሚናገረው ከወራት በኋላ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በብራዚሏ ጎያኒያ ከተዘጋ ክሊኒክ የተወሰደ የሲሲየም-137 ምንጭ ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ እጅ ገብቶ አራት ሰዎች ሞተዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. በዴልሂ የማያፑሪ ገበያ ተመሳሳይ አደጋ በኮባልት-60 ደርሷል። ለእንዲህ ዓይነቱ ስፍራ የሚያስፈልገው ወዲያውኑ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ነው፤ ያረጁ ማሽኖችና ምንጮች ሲወገዱም ለተቆጣጣሪው አካል ማሳወቅ ግድ ይላል።

የባጅ ንባብ ውጤት ተራ የቢሮ ወረቀት አይደለም። ጨረራ የሚያስከትለው ካንሰር ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊታይ ስለሚችል፣ ዓለም አቀፉ መመዘኛ የእያንዳንዱ ሠራተኛ መዝገብ ቢያንስ 75 ዓመት እስኪሞላው፣ እንዲሁም ከጨረራ ሥራ ከተለየ በኋላ ከ30 ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲቀመጥ ያዝዛል። የንግድ ፈቃዱን የመለሰ፣ ባለቤቱን የለወጠ ወይም ከሕንፃው የለቀቀ ክሊኒክ መዝገቡን ለማን እንዳስረከበ ማረጋገጥ ከመዝጊያ ሰነዶቹ ጋር አብሮ የሚታይ ጉዳይ ነው።