መብረቅን ማዳበሪያ ያደረገው እቶን

በቆላ ድባ ዙሪያ ያለው የደምቢያ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው። በሐምሌ ሲረግጡት እግር ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ክንድ ያስገባል። ክረምቱ ሲያባራ ገበሬው በቀረው እርጥበት ላይ ሽምብራ ይዘራል። አንዱን የሽምብራ ተክል ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅሎ ለሚያየው፣ ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች አሉ፤ በጥፍር ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ይላል። ቅላቱ በውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየሩ ናይትሮጂን እየያዙ ተክሉን እየመገቡ መሆናቸውን ያሳያል። ጤፍና በቆሎ ይህ ጸጋ የላቸውም። እነሱ የሚጠብቁት ባሕር ተሻግሮ፣ ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጭኖ የሚመጣውን ዩሪያ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ ሲወጡ የዚህ ጥገኝነት ክብደት ቁልጭ ብሎ ታየ።

ከየማሳው በላይ ያለው አየር ግን 78 በመቶው ናይትሮጂን ነው። ችግሩ ሁለቱ የናይትሮጂን አተሞች እጅግ ጠብቀው መተሳሰራቸው ነው። ያንን እስር በሰማይ ላይ የሚበጥሰው መብረቅ ነው፤ የሰው ልጅም መጀመሪያ የተከተለው የመብረቅን መንገድ ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1785 በአየር ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እየለቀቀ የናይትሮጂን ውሕድ አገኘ። ነገሩን ወደ ፋብሪካ ያደረሱት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው የመጡት ኖርዌጃውያኑ ክሪስቲያን ቢርክላንድና ሳም አይደ ናቸው። ቢርክላንድ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር። በየካቲት 1903 የሠራውን የኤሌክትሪክ መድፍ በሕዝብ ፊት ሲያሳይ መሣሪያው ከሽፎ ታላቅ የእሳት ቅስት ፈነጠቀ። በሳምንቱ በአንድ እራት ግብዣ ላይ ያገኘው መሐንዲሱ አይደ ደግሞ ለማዳበሪያ የሚሆን ኃይለኛ መብረቅ ይፈልግ ነበር። ሁለቱ ተስማሙ። የኤሌክትሪኩን ቅስት በማግኔት ኃይል ገፍተው እንደ ምጣድ ክብ አድርገው ዘረጉትና አየር አሳለፉበት። በ1905 በኖቶደን ከተማ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ፤ ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው ኩባንያም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ከእቶኑ የወጣውን ጋዝ በግዙፍ የድንጋይ ማማዎች ውስጥ ከውኃ ጋር እያገናኙ አሲድ ያደርጉታል፤ አሲዱን ከኖራ ድንጋይ ጋር አዋሕደው ካልሲየም ናይትሬት ያወጣሉ። የኩባንያው የማዳበሪያ ዘርፍ በ2004 ያራ በሚል ስም ራሱን ቻለ፤ እኛም አገር ለፖታሽ ማዕድን እስከ ዳሎል ዘልቆ ነበር።

እቶኑን የረታው የፍጆታው ብዛት ነው። አንድ ቶን ናይትሪክ አሲድ ለማውጣት 15 ሺሕ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልግ ነበር። ከሚወጣው ጋዝ ውስጥ ወደ አሲድ የሚለወጠው ናይትሪክ ኦክሳይድ (የናይትሮጂንና የኦክሲጅን ውሕድ) ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ጀርመኖች በ1913 በኦፓው ባነሰ ኃይል በሚሠራው የሐበርና ቦሽ ዘዴ ከአየር ናይትሮጂን አሞኒያ ማምረት ሲጀምሩ የቅስቱ ዘመን ማክተም ጀመረ።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ፣ ቢርክላንድ የፈጠረውን መብረቅ ውስጡን ሳያይ መቅረቱ ነው። ወደዚያ ግለት ቴርሞሜትር ቢያስገቡ ይቀልጣል፤ ሳይቀልጥ ቢቆይም ቅስቱን ራሱን ያዛባዋል። በእጁ የነበረው በዋናነት ከእቶኑ የወጣው ጋዝ ነበር።

ዛሬ የዚያን መብረቅ ውስጥ የሚያየው ሌዘር ነው። ተመራማሪዎች 226 ናኖሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለው፣ ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ለጥቂት የሰከንድ ቢሊዮንኛ ወደ ፕላዝማው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደሚያልፍበት የቅስቱ ጋዝ፣ ይተኩሳሉ። ናይትሪክ ኦክሳይዱ ጨረሩን ውጦ መልሶ ያበራል። በዚያው ቅጽበት የሚከፈትና የሚዘጋ ካሜራ የት እንደተወለደና የት እንደጠፋ በምስል ይይዛል። ሌላ ጨረር የጋዙን ሙቀት፣ ሌላው ነጠላ የናይትሮጂን አተሞችን ይለካል። የአተሞቹ ነገር በተለይ ወሳኝ ነው፤ የናይትሮጂን አተም ኦክሲጅን ሲያገኝ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል፣ የተሠራውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲያገኝ ደግሞ መልሶ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ጋዙን የትኛው ነጥብ ላይ በፍጥነት ማቀዝቀዝ እንደሚገባ ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም። በስሌት፣ ሚዛኑን ያልጠበቀ (ኤሌክትሮኖቹ ከጋዙ ይልቅ እጅግ የጋሉበት) ፕላዝማ የሚፈልገው ዝቅተኛ ኃይል ከአሞኒያው ዘዴ ግማሽ በታች ነው፤ በተግባር ግን የዛሬዎቹ ሙከራዎች ገና በብዙ እጥፍ ይበልጡታል። ሌዘሩ የሚፈለገው ይህ ልዩነት የት እንደሚባክን ለማግኘት ነው።

ኖቶደን የተመረጠችው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፏፏቴ ስላላት ነው። ደምቢያ የሚያዋስነው ጣና በበኩሉ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የጣና በለስ ጣቢያ ይመግባል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በመስከረም 2025 ተመርቋል። በጎዴ የሚገነባው የዩሪያ ፋብሪካ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ነው፤ ይሁን፣ ያስፈልገናል። ነገር ግን በኤሌክትሪክ፣ በአየርና በውኃ ብቻ የሚሠራ አነስተኛ የፕላዝማ ማሽን እንደ ቆላ ድባ ላለች፣ ከወደብ ለራቀች ከተማ የበለጠ ትርጉም ስላለው፣ የፊዚክስና የአፈር ምሁሮቻችን ገና ከአሁኑ አብረው ቢይዙት እላለሁ። ምክንያቱም ፕላዝማው የሚሰጠው ናይትሬት ነው፤ ናይትሬት ደግሞ ውኃ በተኛበት ዋልካ ላይ በሐምሌ ቢበተን ባክቴሪያዎች መልሰው ጋዝ አድርገው ወደ አየር ይለቁታል። ለደምቢያ የሚስማማው በበጋ፣ በመስኖ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ለሽንኩርትና ለነጭ ሽንኩርት ማሳ ቢሰጥ ነው። ለዚያም ለዓመታት ሲገነባ የቆየው የመገጭ ግድብ ውኃውን ወደ ሜዳው ማድረስ ይኖርበታል።