ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ የጽሕፈት ሥራ የጀመርኩት በኦሊቬቲ ታይፕራይተር ነው። ዛሬ ላፕቶፕ ቢተካውም ለሥራ ፈላጊ የማቀርበው ጥያቄ ያው ነው፤ «ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?» እላለሁ። በዚች ከተማ ቀጣሪው በተለወጠ ቁጥር ወረቀቱም አብሮት ሲለወጥ ኖሯልና መልሱን ሳልሰማ አልጀምርም።

ሐዋሳ ዕድሜዋ ገና ነው። በ1952 ዓ.ም. በራስ መንገሻ ሥዩም ጊዜ ስትቆረቆር የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች። ቢሮዎቹ በኋላ ወደ ሐዋሳ መጡ፤ የመንግሥት ቢሮ ባለበት ደግሞ ማመልከቻ ጸሐፊ አይጠፋም። የድሮውን ማመልከቻ አወራረድ ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ፦ ቀን በስተቀኝ ራስጌ፣ «ለ» ተብሎ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ከሥሩ የከተማው ስም ተሰምሮበት፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ»። ቀጥሎ የሚመጣው ችሎታ ሳይሆን ችግር ነው። አመልካቹ አባቱ እንዳረፈ፣ ታናናሾቹን እንደሚያሳድግ፣ የቤት ኪራይ እንዳለበት ይዘረዝራል። የተማረው ትምህርት መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ይገባል። የዛሬ ሥራ ፈላጊ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ለሹም ነው፤ ሹም ደግሞ አቤቱታ መስማት የለመደ ሰው ነው። ጸሐፊው አንባቢውን በደንብ ያውቅ ነበር።

የሐዋሳ እርሻ ኮሌጅ በ1969 ዓ.ም. ተከፈተ። በደርግ ዘመን ከኮሌጅ የወጣ ሰው ሥራ አያፈላልግም፤ ይመደባል። የምደባ ደብዳቤውን ይዞ ይሄዳል እንጂ ስለ ራሱ አንድ ቃል መጻፍ አይጠበቅበትም።

ከ1983 በኋላ ያ ምደባ እየቀረ ሄደ። ሐዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ስትሆን መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ቢሮ ከፈቱ፤ ከእነርሱ ጋር በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ሲቪ ገባ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሪፖርተር ጋዜጣ ለብዙዎች የሥራ ማስታወቂያ ማለት ነበር። ያን ጊዜ ትልቁ ራስ ምታቴ እንግሊዝኛው አልነበረም፤ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ልጁ ሰኔ 1995 የተመረቀውን ወሩን ወደ ፈረንጅ ለውጦ ዓመቱን እንዳለ ይተወዋል። ሥራ የጀመረበትን ቀን ግን ድርጅቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፎ ሰጥቶታል። በወረቀቱ ላይ ልጁ ተመርቆ ስምንት ዓመት ያለ ሥራ የተቀመጠ ይመስላል! ሰባት ይደመር ወይስ ስምንት የሚለውን ለማወቅ ወሩን መጠየቅ ግድ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት።

የመንግሥት ቢሮ ለሲቪ ብዙም ግድ የለውም። እሱ የሚፈልገው «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዞ በአካል መቅረብ» ነው፤ ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። እዚያ የሚሄድን ሰው በሚያምር ሲቪ ገንዘቡን አላስጨርሰውም።

ሐምሌ 2008 ላይ፣ በዘጠኝ ወር ገደማ የተገነባው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። እዚያ ለስፌት የሚገቡት ሴቶች ሲቪ አላስፈለጋቸውም። ከየወረዳው ተመልምለው መጡ፤ የተፈተነው የጣታቸው ቅልጥፍና ነበር፤ በውጤቱም ደረጃ ወጣላቸው። ለእኔ ገበያ አልነበረውም፣ ግን ከሁሉም ቅጥር ሐቀኛው ይኼ ይመስለኛል፤ ለስፌት መኪና እጅ ነውና የሚያስፈልገው።

ገበያው የመጣው ሥራው ሲጠፋ ነው። ኅዳር 2014 ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከፈረንጆቹ 2022 መባቻ ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ ታገደች። ከፓርኩ የወጡ ልጆች «እትዬ፣ ለሆቴል ሲቪ ይሥሩልኝ» እያሉ መጡ። መጀመሪያ የምጠይቃቸው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል፤ ይህን ሳያውቁ ባዶ እጃቸውን የወጡ ብዙ ናቸው። ለሆቴሉ «ኦፕሬተር» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምንም አይናገርም። በፈረቃ መሥራቷን፣ ሰዓት ማክበሯን፣ የጥራት ቁጥጥር መልመዷን አስቀድማለሁ። አንዳንዷ ታናናሾቿን እንደምታሳድግ እንዲጻፍላት ትለምነኛለች። ለሆቴል አልጽፍላትም፤ ለቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ ከሆነ ግን አንደኛው መስመር ላይ አስገባዋለሁ።

ሰኔ 2012 በተደረገው ርክክብ ሲዳማ ክልል ከሆነ ወዲህ ደግሞ የቋንቋው ረድፍ ቦታ ተለዋወጠ። ለክልል ቢሮ ሲዳሙ አፎ ይቀድማል፤ ሐይቁ ዳር ላለ ሪዞርት እንግሊዝኛው። ስለዚህ ለአንድ ልጅ ሁለት ፋይል ሠርቼ በአንድ ፍላሽ እሰጠዋለሁ፤ ስማቸውንም «ቢሮ» እና «ሆቴል» ብዬ ነው የማስቀምጠው፤ የቢሮውን ለሆቴል የላከ አጋጥሞኛልና።