ጂምናስቲክና ሕፃናት ተማሪዎች፦ ከሰልፍ ሜዳ ወደ መማሪያ ክፍል

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ ስፍራ ካገኘ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ ከቅርንጫፎቹ አንዱ የሆነው ጂምናስቲክ በታችኛዎቹ ክፍሎች ሥር አልሰደደም። ምክንያቱ ሲጠየቅ የመሣሪያና የአዳራሽ እጦት ይጠቀሳል። እጦቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ የቀደመ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ጂምናስቲክ ወደ አገራችን በገባባቸው ዋና ዋና መንገዶች ለተመልካቹ ዐይን እንጂ ለሕፃኑ አካል ታስቦ አለመግባቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የታሪኩን ሂደት ባጭሩ ከመረመረ በኋላ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠውን ትምህርት ያመለክታል።

የትምህርቱ አመጣጥ

በአውሮፓ የዘመናዊው ጂምናስቲክ መነሻ ትምህርት ቤት ነበር። ጀርመናዊው መምህር ጉትስ ሙትስ እ.ኤ.አ. በ1793 ያሳተመው መጽሐፍ የወጣቶችን አካል ስለማነጽ የተጻፈ ነው። ብዙ ሳይቆይ ግን የናፖሊዮን ጦርነቶች የትምህርቱን መልክ ለወጡት። ያን እ.ኤ.አ. በ1811 በበርሊን አጠገብ የከፈተው ሜዳ ወጣቶችን ለአገር መከላከያ የሚያዘጋጅ ሆነ። ስዊድናዊው ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም ባቋቋመው ተቋምም መምህራንና መኮንኖች ጎን ለጎን ሠለጠኑ። በእርሱ ዘዴ ሠልጣኞች በረድፍ ቆመው በአንድ ትእዛዝ ይንቀሳቀሱ ነበር።

ስዊድናውያን መኮንኖች በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ከጠላት ወረራ በኋላም፣ የአበበ ቢቂላ አሠልጣኝ ሆነው ዓለም ያወቃቸው ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1946 መጥተው የክብር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችን አሠለጠኑ። ዛሬ በትምህርት ቤቶቻችን ጠዋት ጠዋት «እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ጎን» እየተባለ በሰልፍ የሚሠራው እንቅስቃሴ የዚህ የወታደር ቤት ሥርዐት ዘመድ ነው።

በጉለሌ በኩል በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑትን አቶ ይድነቃቸው ተሰማን አስተምሯል። እግር ኳስና ሩጫ በሰፈሩ መስፋፋታቸው አያስደንቅም፤ ኳስና ሜዳ ከተገኘ ልጆች እርስ በርሳቸው ይማማራሉ፤ የእንጦጦም ዳገት ለሯጩ በቂ ነው። ጂምናስቲክ ግን ያለ መምህር እጅ አይራመድም። የሚደግፈው የሌለ ልጅ አንድ ጊዜ በአንገቱ ከወደቀ፣ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል።

ትርዒትና ዋጋው

በአብዮቱ ዘመን የአካል እንቅስቃሴ የሕዝብ በዓል ማድመቂያ ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በዝግጅቱ ተካፍለዋል። በእንዲህ ዓይነቱ ትርዒት የሚፈለገው ሺህ ሰው እንደ አንድ ሰው መንቀሳቀሱ ነው፤ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ይወገዳል እንጂ አይረዳም።

እ.ኤ.አ. በ1991 በአዲስ አበባ የተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ ሌላ በር ከፈተ። የጎዳና ልጆችንና የድኻ ቤተሰብ ልጆችን ሰብስቦ መገለባበጥን፣ በእጅ መቆምንና ሚዛን መጠበቅን አስተማረ፤ ጅማና መቀሌን በመሰሉ ከተሞችም ተመሳሳይ ቡድኖች ተቋቋሙ። ለብዙ ልጆች ተስፋ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በ1990 ዓ.ም. ከወጣት አባላቱ አንዳንዶቹ በአውስትራሊያ ጥገኝነት ጠየቁ፤ በልጆቹ አያያዝ ላይም ብርቱ አቤቱታ ተሰማ። ሕፃናት ከቤታቸው ርቀው በጥቂት አዋቂዎች እጅ በሚሠለጥኑበት ስፍራ ሁሉ ጠባቂ ደንብ ሊኖር እንደሚገባ ይህ ታሪክ ያስተምራል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ናዲያ ኮማኔቺ እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል የመጀመሪያውን ሙሉ 10 ነጥብ ስታገኝ ዕድሜዋ 14 ነበር። ከዚያ በኋላ ለሴቶች የተወሰነው ዝቅተኛ ዕድሜ በ1981 ወደ 15፣ በ1997 ደግሞ ወደ 16 ከፍ ብሏል። ዓለም ዕድሜውን ከፍ ያደረገው በማደግ ላይ ያለ አጥንት ለውድድር ሸክም እንዳልተፈጠረ ተረድቶ ነው።

በጉለሌ ክፍል ውስጥ ምን ይደረግ?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥራ ላይ ሲውል፣ በታችኛው አንደኛ ደረጃ የሰውነት ማጎልመሻ ከሙዚቃና ከሥዕል ጋር ተጣምሮ ቆይቷል። በአዲሱ ሥርዐተ ትምህርት ግን ከጤና ትምህርት ጋር ራሱን ችሏል። ስለዚህ ጊዜው ይህን ለማሰብ የተመቸ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መነሻው ልጁ የሚያውቀው ጨዋታ ይሁን። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅን፣ ሱዚና ገመድ ዝላይ ደግሞ መዝለልንና ማረፍን ያስተምራሉ። ቀጥሎ ጉልበትን አጥፎ ማረፍ፣ በጀርባ መወዛወዝ፣ ከዚያ ወደ ፊት መንከባለል በተራ ይሰጡ። በራስ መቆምና ወገብን በግድ ወደ ኋላ ማጠፍ ለዚህ ዕድሜ አይገቡም።

ሁለተኛ፣ ብዙ ተማሪ ያለበት ክፍል በአራት ቡድን ይከፈል። አንዱ ቡድን ብቻ ከመምህሩ ጋር ፍራሽ ላይ ሲሠራ፣ ሌሎቹ በገመድ፣ በኳስና መሬት ላይ በተሰመረ መስመር ይለማመዱ። ጭድ የተሞላ ጆንያ ለፍራሽነት ያገለግላል፤ ሲሚንቶ ላይ ግን አይነጠፍ፤ በክረምትም እንዳይሻግት ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የጉለሌ መሬት ተዳፋትነት እንኳ ይጠቅማል፤ ጀማሪ ልጅ በለዘብተኛ ተዳፋት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ይበልጥ በቀላሉ ይንከባለላል።

ሦስተኛ፣ መምህሩ ልጁን ከመደገፉ በፊት የት እንደሚይዘው ይንገረው። ሥልጠናው በር ተዘግቶ ወይም ከሌሎች ዐይን ተሰውሮ አይሰጥ። ሴቶች ልጆች ሳይሸማቀቁ እንዲሠሩ ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ መልበስ ይፈቀድላቸው።

ዕቅድ አውጪዎች በበኩላቸው አዳራሽ እስኪሠራ ከመጠበቅ ይልቅ ዕጩ መምህራን ሕፃንን የመደገፍ ልምምድ በእጃቸው ሠርተው እንዲመረቁ ቢያደርጉ በትንሽ ወጪ ብዙ ይገኛል። ምዘናውም ልጁ ከጓደኛው ጋር ተወዳድሮ ሳይሆን ባለፈው ወር ያልቻለውን ዛሬ መቻሉ ታይቶ ይሁን። የወላጆች ቀን ሲደርስ በትርዒቱ ላይ ጎበዞቹ ብቻ ተመርጠው የሚቀርቡ ከሆነ ግን፣ ከሰልፍ ሜዳው ገና አልወጣንም ማለት ነው።