የአንጎል ደም መላሽ ሥር ሲዘጋ የሚከሰት የአንጎል ደም መፍሰስ

ደም ከአንጎል ወደ ልብ የሚመለስባቸው ሥሮች ውስጥ ደም ሲረጋ የሚፈጠረው ሕመም የአንጎል ደም መላሽ ሥር መዘጋት ይባላል። ከስትሮክ ዓይነቶች አንዱ ነው። ሌሎቹ የስትሮክ ዓይነቶች ይበልጥ አረጋውያንን ሲያጠቁ፣ ይህ ግን በአብዛኛው የሚይዘው ወጣቶችንና ጎልማሶችን፣ በተለይም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን ነው። ሕመሙ ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ከ10 ሦስቱ ወይም አራቱ ገና ሲመረመሩ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ይገኛል።

ቤተሰብ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ በአንድ በኩል «ደም ረግቷል»፣ በሌላ በኩል «ደም ፈስሷል» ይላል። ከዚያም ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ያዛል።

ደም ረግቶ ሳለ እንዴት ይፈሳል?

የቤት ውኃ መውረጃ ሲደፈን ምን እንደሚሆን ያስቡ። ቧንቧው ካልተዘጋ ውኃው መምጣቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይሞላና ይፈሳል። በአንጎልም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ደም ወሳጅ ሥሮች ደም ማምጣታቸውን ይቀጥላሉ፣ መመለሻው ግን ተዘግቷል። ከተዘጋው ቦታ ኋላ ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል። መጀመሪያ ፈሳሽ እየወጣ አንጎሉን ያሳብጠዋል፤ ግፊቱ ከበረታ ደግሞ ደሙ ራሱ ሰብሮ ይወጣል። እንግዲህ በዚህ ሕመም የደም መፍሰሱ መነሻ የረጋው ደም ነው። በደም ግፊት ምክንያት ደም ወሳጅ ሥር ፈንድቶ ከሚመጣው የደም መፍሰስ የሚለየውም በዚህ ነው።

ደም እየፈሰሰ ደም ማቅጠኛ ለምን ይሰጣል?

ብዙ ቤተሰብ በዚህ ይደነግጣል፣ አንዳንዱም ሕክምናውን እምቢ ይላል። ድንጋጤው የሚገባ ነው፤ ሐኪሞችም ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ተከራክረውበታል። በጀርመን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት ግን አመለካከቱን ለወጠው። 10 ሕሙማን ሄፓሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ወሰዱ፤ ሌሎች 10 ደግሞ መድኃኒትነት የሌለው ተመሳሳይ ፈሳሽ ተሰጣቸው። ሄፓሪን ካልወሰዱት ሦስቱ ሞቱ፤ ከወሰዱት የሞተ አልነበረም። እነዚሁ ተመራማሪዎች ቀደም ሲል የታከሙ ሰዎችን መዝገብም አይተዋል። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሄፓሪን ከወሰዱት 27 ሰዎች 4 ሲሞቱ፣ ደም ፈስሶ ሄፓሪን ካልወሰዱት 13 ሰዎች ግን 9 ሞተዋል።

ቁጥሮቹ ትንሽ ናቸው፤ በተለይ የመዝገቡ ጥናት ብቻውን ማስረጃ ተብሎ የሚቆም አይደለም። ሆኖም ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም መድኃኒቱ ደም መፍሰሱን እንደሚያባብስ አላሳዩም። ስለዚህ ዛሬ የሕክምና መመሪያዎች በዚህ ሕመም ምክንያት ደም ቢፈስም እንኳ ደም ማቅጠኛው እንዲጀመር ይመክራሉ። መድኃኒቱ የረጋውን ደም በቀጥታ አያሟሟም። ተጨማሪ ደም እንዳይረጋ ይከለክላል፤ ያንጊዜ ሰውነት የረጋውን በራሱ ቀስ በቀስ ያጸዳዋል፣ ግፊቱም ይቀንሳል።

ይህ ግን ለዚህ ሕመም ብቻ ነው። በሌላ ምክንያት አንጎሉ ውስጥ ደም ለፈሰሰ ሰው ደም ማቅጠኛ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ከጎረቤት ሕክምና ጋር አያወዳድሩት።

መቼ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል?

ዋናው ምልክት ራስ ምታት ነው፤ ከ10 ሕሙማን ዘጠኙ ያህል አላቸው። ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ እየበረታ ይሄዳል፤ ሲተኙ፣ ሲያስሉ ወይም ሲያምጡ ሊብስ ይችላል። የዓይን ብዥታ፣ ማስመለስ፣ የአንድ ጎን መድከም፣ የንግግር መዘበራረቅ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ከተጨመሩ አንድ ሰዓት እንኳ መጠበቅ አይገባም።

አራስ ሴት ላይ ልዩ ትኩረት ያድርጉ። ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደም በቀላሉ የሚረጋባቸው ናቸው። በአገራችን የአራስ ራስ ምታት ቶሎ «ምች ነው» ይባልና ዳማከሴ ይሰጣል፤ ወይም በወሊድ ጊዜ ጀርባዋ ላይ የተወጋችው ማደንዘዣ ነው ተብሎ ይታለፋል። የማደንዘዣው ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ ስትቀመጥ ይብሳል፣ ስትተኛ ይቀላል። ራስ ምታቱ ተኝታም የማይለቃት ከሆነ፣ ወይም ከተንቀጠቀጠች፣ ቤት ውስጥ አታቆይዋት።

ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን፣ የጆሮና የሳይነስ ኢንፌክሽን፣ ካንሰር፣ ከባድ የውኃ ጥም፣ በዘር የሚወረስ የደም መርጋት ጠባይም መንስኤ ይሆናሉ። የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ምርመራን በተመለከተ አንድ ነገር ይወቁ፦ ተራ ሲቲ ስካን ይህንን ሕመም ሊስተው ይችላል። ውጤቱ «ደህና ነው» ተብሎ ምልክቱ ከቀጠለ፣ የደም መላሽ ሥሮቹን ለይቶ የሚያሳይ ሲቲ ወይም ኤም አር አይ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ።

በሆስፒታልና ከዚያ በኋላ

ሄፓሪን በደም ሥር ወይም ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር በሚወጋ መርፌ ይሰጣል። የሚንቀጠቀጥ ሰው ለዚያ የሚሆን መድኃኒት ያገኛል። እብጠቱና የፈሰሰው ደም አንጎሉን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ከገፋው የራስ ቅል አጥንት ከፍቶ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቀዶ ሕክምና ሕይወት ያተርፋል።

በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመና 624 ሕሙማንን የተከታተለ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከ10 ስምንቱ ያህል ሙሉ በሙሉ ወይም ለዕለት ሥራቸው በሚበቃ ሁኔታ እንደዳኑ አሳይቷል፤ ከ100 ስምንት ያህሉ ሞተዋል። ሲገቡ አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸው ከሌሎቹ ይበልጥ የተጎዱ ነበሩ።

ቤት ከገቡ በኋላ ደም ማቅጠኛው እንደ መንስኤው ከ3 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ ለአንዳንዱም ከዚያ ይረዝማል። ዋርፋሪን ከሆነ፣ አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ በ2 እና በ3 መካከል መሆን አለበት። ጎመን መድኃኒቱን ያዳክማል። መተው አያስፈልግም፤ መጠኑ ግን አይዋዥቅ። በጾም ወራት ጎመንና ቆስጣ የሚያዘወትር ሰው ጾሙ ሲገባም ሲፈታም ምርመራውን ማድረግ ይኖርበታል። አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይውሰዱ፤ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ሲታዘዝልዎም ደም ማቅጠኛ እንደሚወስዱ አስቀድመው ይናገሩ።

ሴት ከሆኑ ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ ከእንግዲህ አይጠቀሙ፤ ሐኪሙ ሌላ ይመርጥልዎታል። ዋርፋሪን ፅንስን ስለሚጎዳ እየወሰዱት ከማርገዝ ይጠንቀቁ። ሕመሙ መርገዝን ለዘለዓለም አይከለክልም፤ ሆኖም ከማርገዝዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ፣ በእርግዝናና በአራስነት ጊዜ የሄፓሪን መርፌ ሊያስፈልግዎ ይችላልና።