የድሬዳዋ እንቆቅልሾች፤ ታሪክና ሳይንስ ለታናናሾቻችን እንዴት ይጣፍጡ?

ታሪክና ሳይንስ ደረቅ ትምህርቶች ናቸው የሚለው አነጋገር በታናናሾቻችን ክፍል ሲደጋገም ይሰማል። ታሪክ የዓመተ ምሕረት መዝገብ፣ ሳይንስም የቀመር ክምር መስሎ ስለሚታያቸው ለፈተና ብቻ ያጠኑታል፤ ፈተናው ባለፈ ማግሥትም ይረሱታል። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ግን ጥፋቱ የትምህርቱ ሳይሆን የአቀራረቡ ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ መጽሔት ላይ፣ የገዛ ከተማችንን ድሬዳዋን ምሳሌ አድርገን ሐሳባችንን ለመግለጽ ተነሥተናል።

እንደሚታወቀው አባቶቻችንና እናቶቻችን ልጅን ለማስተማር ሲፈልጉ አስቀድመው ይጠይቁት ነበር። ማታ እሳት ዙሪያ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ተብሎ ይመለሳል፤ መልሱ የጠፋበትም ልጅ «አገር ስጠኝ» እየተባለ አገር ሲሰጥ ያመሻል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ትልቅ ጥበብ አለ። መልሱ የሚነገረው ልጁ ከተጨነቀና ከጓጓ በኋላ ነውና አይረሳውም። እኛ ግን በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ መልሱን አስቀድመን ጽፈን ጥያቄውን ሳናውቀው እንቀራለን።

ይህን ምስጢር የተረዱ ሰዎች በሌላውም ዓለም ነበሩ። ሚካኤል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 በእንግሊዝ አገር ከአንድ አንጥረኛ ቤት ተወለደ። ብዙ ትምህርት ሳያገኝ በለንደን ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ፣ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ራሱን አስተማረ። በኋላ የኤሌክትሪክን ምስጢር ከገለጡት ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ሲሆን፣ ሕፃናትን ማስተማር ክብሩን የሚቀንስ ሥራ ነው ብሎ አልናቀውም። በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን እ.ኤ.አ. በ1825 በተጀመረው የገና ሰሞን የወጣቶች ትምህርት ላይ፣ አንዲት ሻማ አብርቶ ስለ አየር፣ ስለ ውሃና ስለ ሰው እስትንፋስ አስተምሯል። ፋራዴይ ከሻማ ይህን ያህል ካወጣ፣ እኛ ከአንድ ሙሉ ከተማ ምን ያህል ልናወጣ እንችላለን?

እንግዲህ የመጀመሪያው እንቆቅልሽ ይህ ነው፤ ባቡሩ ወደ ሐረር ሊሄድ ታስቦ ሳለ ስለ ምን ከተራራው ግርጌ ቀረ? አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሜዳ ደረሰ። ሐረር የታወቀች የንግድ ከተማ ስለ ነበረች መስመሩ ወደ እርስዋ ሊያልፍ ይገባ ነበር። ነገር ግን ከባሕር ጠረፍ እስከ ድሬዳዋ ያለው መንገድ በ310 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ወደ 1,200 ሜትር ይወጣል፤ ይህም በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ 4 ሜትር መሆኑ ነው። ወደ ሐረር የሚወስደው የደንገጎ ዳገት ግን ከዚህ እጅግ የከፋ ነው። የብረት መንኰራኵር በብረት ሀዲድ ላይ ሲሄድ ሰበቃው ጥቂት ስለሆነ በሜዳ ላይ ብዙ ጭነት በትንሽ ኃይል ይጐትታል፤ ነገር ግን ይኸው የሰበቃ ማነስ በዳገት ላይ ጠላት ይሆንበታል፤ ይንሸራተታልና። ስለዚህ በዳገቱ ምክንያትና በወጪው ብዛት ባቡሩ ከሜዳው ቀረ፤ በዙሪያውም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ ተቈረቈረች። የእኛ ከተማ የሰበቃ ሕግ ልጅ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም። አዲስ አበባ የደረሰው መስመር እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ጊዜ ወስዷል።

ቃሎቻችንም ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። «ባቡር» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ እንፋሎት ማለት ከሆነው ቃል በዐረብኛ በኩል ዞሮ የመጣ ነው። «ሀዲድ» በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። «ለገሃር» ደግሞ በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ «ባቡሩ በሀዲድ ላይ ወደ ለገሃር መጣ» ብሎ ሲናገር፣ እንፋሎቱን፣ የቀይ ባሕርን ነጋዴና የፈረንሳይን መሐንዲስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠራቸው ማለት ነው። ስለ አሮጌው ሀዲድ መገጣጠሚያ ክፍተትም ቢጠይቅ መልሱ በቀላል ሒሳብ ይገኛል። 10 ሜትር የሚረዝም የብረት ሀዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 3.6 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል። ክፍተት ባይተውለት ኖሮ በቀትር ፀሐይ ይጐብጥ ነበር። ባቡሩ ሲሄድ የሚያሰማው የኳኳታ ድምፅም ከዚሁ ክፍተት የሚወጣ ነው።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ፤ ባሕር ሳይኖረን የባሕር ድንጋይ ከየት አገኘን? በከተማችን ዙሪያ ያለው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህን አገር ሸፍኖት ከነበረው ባሕር ሥር የተከማቸ ነው። ዛሬ ሲሚንቶ የሚሆነው እንዲህ ያለው የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ ወደ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ሲጋገር ነው። ይኸንኑ ድንጋይ የዝናብ ውሃ ቀስ በቀስ እያሟሟ ዋሻ ያወጣበታል። ከከተማው በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከደቻቱ ወንዝ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኘው ዋሻ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሊቃውንት በፈረንሳይኛ «ፖርክ ኤፒክ» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ዋሻውን ለሳይንስ ያስተዋወቁት ሄንሪ ደ ሞንፍሬይድና የኢየሱሳውያን ካህን የነበሩት ሊቅ ቴይላር ደ ሻርደን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1933 በተደረገው ቁፋሮ ከድንጋይ መሣሪያዎች ጋር የሰው መንጋጋ ቁራጭ ተገኘ። በኋላም ከ1970ዎቹ ቁፋሮ የወጣው ዕቃ በቅርቡ እንደገና ሲመረመር፣ 40 ኪሎ የሚመዝን ከ4,000 በላይ ቁራጭ ቀይና ቢጫ የቀለም አፈር መኖሩ ታወቀ፤ የተፈጨበትም ድንጋይ አብሮ ተገኝቷል። ይህ ሁሉ የሆነው ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የባቡሩ ዕድሜ ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ የትናንት ማታ ነገር ይመስላል።

ሦስተኛው እንቆቅልሽ ከጨዋታ ያለፈ ነው። በዓመት ብዙውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት የደቻቱ ወንዝ እንዴት ሰው ይገድላል? በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ በድንገት የመጣው ጐርፍ በከተማችን ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። ቤትና ንብረት የጠፋበት ደግሞ ብዙ ነው። ምክንያቱን ከሳይንስ መጽሐፍ መረዳት ይቻላል። ዝናቡ የሚዘንበው በደጋው ላይ ስለሆነ በከተማው ሰማይ ላይ ደመና ላይኖር ይችላል። ዛፍ የሌለው ቁልቁለት ውሃውን ለመምጠጥ ጊዜ አይሰጠውምና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወርዳል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል፤ ፍጥነቱም በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን የተረዳ ልጅ «ሰማዩ ጠርቷል» ብሎ በክረምት በወንዙ አሸዋ ላይ አይጫወትም፤ ታናሽ እኅቱንም ይመልሳል። እንግዲህ ሳይንስን ለልጆች አጣፍጦ ማስተማር ለጊዜ ማሳለፊያ የሚሆን ነገር ብቻ አይደለም ስንል ስለዚህ ነው። የተሰለቸ ትምህርት አይሰማም፤ ያልተሰማ ትምህርት ደግሞ ነፍስ አያድንም።

ታሪክም የራሱ አደጋ አለበት። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ 1.435 ሜትር የሚሰፋ ሀዲድ ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር አዲስ አበባንና ጅቡቲን ያገናኛል። አንድ ሜትር የሚሰፋው የድሮው መስመር ግን አዲስ አበባ መድረሱን አቁሟል። በድሮው ምድር ባቡር ያገለገሉ ሽማግሌዎች ዛሬም በከዚራና በመጋላ አሉ። ብረት እንዴት እንደሚቀጠቀጥ፣ መኪናው በምን ድምፅ ሕመሙን እንደሚናገር ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ስላልተጻፈ ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። አሮጌ ሀዲድ ቢጠፋ ሌላ ይቀለጣል፤ የሽማግሌ ትዝታ ግን እንደገና አይቀለጥም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በትሕትና እናቀርባለን። መምህራኖቻችን አንዱን ምዕራፍ ለማስጀመር ልጆቹን ወደ ለገሃር ወይም ወደ ኖራ ድንጋዩ ገደል ቢወስዱና መልሱን ሳይናገሩ ቢያስጠይቁ መልካም ነው። ወላጆቻችንም ልጅ «ለምን?» ሲል «ዝም በል» ከማለት ይልቅ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ቢሉት ቤታቸው ሁለተኛ ትምህርት ቤት ይሆናል። እናንተ ታናናሾቻችን ደግሞ ከእያንዳንዳችሁ ሰፈር አንድ አዛውንት መርጣችሁ፣ በአክብሮት ጠይቃችሁ፣ የነገሯችሁን በደብተር ጻፉ። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሮቹ ሲሰበሰቡ ከየትም የማይገዛ የታሪክ መጽሐፍ ይወጣቸዋል።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እኛ በቅርቡ ከዚህ ቅጥር ወጥተን በየአቅጣጫው እንበተናለን፤ አገራችንን የምንናፍቃትና የምንጠቅማት ግን ባወቅናት መጠን ነው። ሦስቱን እንቆቅልሾች በዚህ ጽሑፍ ፈትተናቸዋል፤ ነገር ግን ድሬዳዋ ገና ያልተፈቱ ብዙ አሏት። እነርሱን መፍታት የእናንተ ፈንታ ነው። ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ጤና፣ ለእናንተም የማይጠግብ የጥያቄ መንፈስ እንመኛለን።