በንግድ ዓሣ ማስገር ወቅት በድንገት የሚያዙ ዶልፊኖችና ዓሣ ነባሪዎች ክትትል በዩናይትድ ስቴትስ

ዶልፊኖችና ዓሣ ነባሪዎች ለመተንፈስ ወደ ውሃው ገጽ መውጣት ይኖርባቸዋል። ለዓሣ በተዘረጋ መረብ ወይም ገመድ ከተጠላለፉ ታፍነው ሊሞቱ ይችላሉ። ጉዳቱ ሆን ተብሎ ባይፈጸምም፣ ቀስ ብለው የሚራቡ በመሆናቸው የጠፋውን ቁጥር ለመተካት ረጅም ዓመታት ይወስዳል።

የሕግ መሠረት
ክትትሉ የሚከናወነው እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣውና በ1994 በተሻሻለው የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ መሠረት ነው። አስፈጻሚው በንግድ ሚኒስቴር ሥር የሚገኘው ብሔራዊ የባሕር ዓሣ ሀብት አገልግሎት ነው።

የምድብ አከፋፈል
መሥሪያ ቤቱ ከተፈጥሮ ሞት ውጪ፣ የአንድ ዝርያ መንጋ ሳይመናመን በዓመት ሊያጣ የሚችለውን ከፍተኛ የእንስሳት ቁጥር ያሰላል። አንድ የማስገር ዘርፍ በሚያደርሰው ሞትና ከባድ ጉዳት መጠን በየዓመቱ በሚወጣው ዝርዝር ይመደባል፦
• ምድብ 1፦ የገደቡን 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሚያደርስ፤
• ምድብ 2፦ ከ1 በመቶ በላይና ከ50 በመቶ በታች የሚያደርስ፤
• ምድብ 3፦ 1 በመቶና ከዚያ በታች የሚያደርስ፣ ወይም የሁሉም ዘርፎች ድምር ጉዳት ከገደቡ 10 በመቶ የማይበልጥ ሲሆን።

የባለመርከቦች ግዴታ
በምድብ 1 እና 2 የተሰማሩ ባለመርከቦች የፈቃድ ምስክር ወረቀት መያዝና ሲጠየቁ ታዛቢ ማሳፈር አለባቸው። ሪፖርት የማድረግ ግዴታ ግን ሦስቱንም ምድቦች ይመለከታል። በማስገር ሥራ ምክንያት የሞተ ወይም የተጎዳ እንስሳ ካለ፣ ጉዞው ባበቃ በ48 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሪፖርቱ የሚከተሉትን ይይዛል፦
• የመርከቡንና የባለቤቱን ማንነት፤
• የማስገሪያውን ዘርፍ፤
• ቀን፣ ሰዓትና ግምታዊ ቦታ፤
• የእንስሳውን ዝርያ፣ ካልታወቀም መልኩን።

ሳያሳውቅ የቀረ በሕግ ይጠየቃል። ፈቃዱ የሚሰጠው ድንገተኛ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል ታሳቢ ተደርጎ በመሆኑ፣ ሪፖርቱ ለቆጠራ የሚውል መረጃ እንጂ የጥፋተኝነት ማመኛ አይደለም።

የታዛቢዎች ሚና
የባለመርከቦች ሪፖርት ብቻውን የተሟላ ቁጥር ስለማያስገኝ፣ የሠለጠኑ ታዛቢዎች በተመረጡ ጉዞዎች ላይ ተሳፍረው ያዩትን ይመዘግባሉ። ከዚህም ለመላው ዘርፍ የሚሆን ግምት ይወጣል። በዚህ መሰል መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ደንብ፣ በኒው ኢንግላንድ ባሕር በተወሰኑ አካባቢዎችና ወቅቶች በሚዘረጉ መረቦች ላይ ድምፅ የሚያሰሙ መሣሪያዎች እንዲታሰሩ ተደርጓል። ድምፁ ሃርበር ፖርፖይዝ የተባሉትን አነስተኛ የዶልፊን ዘመዶች ከመረቡ ያርቃል። ያልተመዘገበ ሞት ግን በስሌቱ ስለማይገባ፣ መፍትሔ ሳይበጅለት ይቀራል።