ከበግ አገር ባናው ወዴት ሄደ?

ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። የላይ ጋይንቷ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በስተምዕራቧ ደግሞ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚረዝመው ጉና አለ። በዚህ ደጋ ብርድ ልብስ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

በጉም የሩቅ ነገር አይደለም። የቀድሞው ጠቅላይ ግዛት ስም «በጌምድር» በልማድ የሚፈታው «የበግ ምድር» ተብሎ ነው። የእንስሳት ተመራማሪዎችም የአካባቢውን በግ «የፋርጣ በግ» ብለው ከአገሪቱ የበግ ዓይነቶች አንዱ አድርገው መዝግበውታል።

ታዲያ ብርድ ያለበት፣ በግ ያለበት፣ መፍተል የሚያውቅ እጅ ያለበት አገር ሰው ለምን ከባሕር ማዶ በመጣ ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ይሸፈናል? በኪሮሽ ኮፍያ የምትሠራ ልጅስ ለምን ክሯን ከውጭ ከገባ ጥቅል ትገዛለች?

ቀላሉ መልስ «ፋብሪካ መጥቶ የእጅ ሥራን ገደለው» የሚል ነው። ይህ ከፊል እውነት ነው። የቀረው እውነት ግን ከፋብሪካ በፊት የነበረ ነው።

መጀመሪያ ባናው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። በጉ ይሸለታል። ፀጉሩ ታጥቦ ይደርቅና በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት እየተመታ የተቋጠረውን ፀጉር ያፍታታዋል። ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉ ሸማኔ ቤት ይሄዳል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ፣ ድሩን ወጥሮ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፈ ጠበብ ያለ ጨርቅ ይሠራል። ቁራጮቹ ጎን ለጎን ይሰፋሉ። በመጨረሻ ጨርቁ በሙቅ ውኃ ይነከርና በእግር ይረገጣል። ሲረገጥ ፀጉሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ጨርቁ ይጠብቃል፣ ይወፍራል፣ ነፋስ አላስገባ ይላል። ቀለም መንከር እንኳ አያስፈልግም፤ ከጥቁር በግ ጥቁር ባና ይወጣል። በመንዝ ስሙ የገነነው በርኖስም የዚሁ የሱፍ ሙያ ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ግን በኅብረተሰቡ ዓይን እኩል አልነበሩም።

ቤት ውስጥ የምትፈትል ሴት ትከበራለች። አክርማና ስንደዶ ለቅማ፣ አለላ ነክራ፣ በወስፌ ሞሰብና ሙዳይ የምትሰፋ ልጅ «ባለሙያ» ትባላለች፤ ቃሉ ሙገሳ ነው፤ ለትዳር የምትፈለግበት አንዱ ምክንያትም ነበር። በጋይንት ቤተልሔም፣ በድጓው ምስክር ቤት፣ ደበሎ ለብሶ የሚማር የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን በገዛ እጁ ቢሰፋ ማንም አልናቀውም።

ያው እጅ ሠርቶ መሸጥ ሲጀምር ነገሩ ይገለበጣል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ስድብ ይከተላቸዋል፤ «ቡዳ ነው» ተብሎ ይፈራል፣ በጋብቻም ይርቁታል። በጎንደርና በዙሪያዋ ከሸማኔዎቹና ከአንጥረኞቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። የርስት መሬት በር ለተዘጋበት ሰው ሙያ መተዳደሪያ ሆነለት፤ ሙያው ደግሞ መልሶ የሚናቅበት ምልክት ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ መወሰኑ ይህን መለያየት በአዋጅ አጸናው።

ከጋይንት ብዙም ሳይርቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ደግሞ ሌላ ታሪክ ተሠራ። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሙያተኞችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት ደጋ በኩል፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ባሉት ወራት ነው። ንጉሡ እጅ ሥራ ኃይል እንደሆነ በደንብ ገብቷቸው ነበር። ነገር ግን ለጋፋቱ ፈረንጅ ሙያተኛ ሽልማትና ክብር ሲሰጥ፣ ማረሻ የሚሠራለት የሠፈር ቀጥቃጭ በጎረቤቱ ዘንድ ያው ቡዳ እንደተባለ ቀረ። የናቅነው የሠሪውን ዘር እንጂ ሥራውን እንዳልነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ይህንኑ በስሙ ጠርተው አወገዙት። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ እንዲያውም የሚጽፈውን ሰው ሳይቀር በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዘዙ። አዋጅ መታወጁ ግን አፍን እንጂ ልብን አልዘጋም። ስድቡ ከዚያ በኋላም ትውልድ ተሻገረ።

በዚህ መሀል ሌላ የእጅ ሥራ በሌላ በር ገባ። የቃላቱን መነሻ ማየት ይበቃል፤ «ኪሮሽ» እና «ዳንቴል» ሁለቱም የፈረንሳይኛ ቃላት ናቸው። የመጡትም ከዘመናዊ ትምህርትና ከከተማ ኑሮ ጋር ነው። በ1924 ዓ.ም. እንደተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ባሉ የሴቶች ትምህርት ቤቶች ስፌትና ጥልፍ የሴት ልጅ ትምህርት አካል ሆኑ። ቀስ በቀስ ዳንቴሉ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ እስቴዋ መካነ ኢየሱስ፣ ወደ ስማዳዋ ወገዳ ዘለቀ። ሬዲዮ ለበሰው፣ በኋላም ቴሌቪዥን ለበሰው፤ የሶፋ መደገፊያና የቡና ረከቦት ጌጥ ሆነ።

ኪሮሽ ከተከበረው ወገን ተመደበ፤ የባለሙያ ልጅ ሥራ፣ የጨዋ ቤት ጌጥ። የበግ ፀጉሩ ከተናቀው ወገን ጋር ቀረ። ስለዚህ በበግ ምድር መርፌውና በጉ ሳይገናኙ ቀሩ። ኪሮሽ የምትሠራዋ ልጅ የበግ ፀጉር ክር የገጠሬ ነገር መሰላት፤ ባና የሚሠራው ሸማኔ ሹራብና ኮፍያ ከሙያው ጋር የሚዛመድ አልመሰለው። ልጁም የአባቱን ስድብ ላለመውረስ ከመወርወሪያው ሸሸ። ርካሹ ብርድ ልብስ ከውጭ ሲመጣ የተቀመጠው በተለቀቀ ቦታ ላይ ነው።

«የአገራችን በግ ፀጉር ሻካራ ነው፤ ለሹራብ አይሆንም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ለአንገት የሚለሰልስ ሹራብ አይወጣውም። ግን ለኮፍያ፣ ለምንጣፍ፣ ለቦርሳ፣ ለቤት ጫማ ሻካራነቱ ጉዳት አይደለም። በስሜን ተራሮች ልጆች ከበግ ፀጉር የተሠራ ሹል ቆብ ለጎብኚ ሲሸጡ ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

ሌላው ዓለም እንዴት እንዳደረገው ማየትም ይጠቅማል። በፔሩ፣ በቲቲካካ ሐይቅ ውስጥ ያለችው የታኪሌ ደሴት እንደ ጋይንት ደጋ ናት፤ ከፍታዋ ከ3 ሺህ 800 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ኮፍያ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው፤ የኮፍያው ዓይነት ያገባውን ካላገባው ይለያል። ዩኔስኮ ይህን ሙያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች አንዱ ብሎ አወጀው። በስኮትላንድ ደሴቶች ደግሞ «ሃሪስ ትዊድ» የሚባለው የሱፍ ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሕግ ይጠበቃል፤ በዚያ ስም ለመሸጥ ሱፉ እዚያው መፈተል፣ ጨርቁም በደሴቶቹ ነዋሪዎች እጅ በየቤታቸው መሸመን አለበት። ሁለቱም ጋ በጉ ከእኛ በግ የተለየ ተአምር የለውም። የተለየው ሠሪው በሥራው አንገቱን አለመድፋቱ ነው።

ይህ የናፍቆት ወሬ አይደለም። ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲ ኔት ርዳታ ከደረሳቸው ወረዳዎች ውስጥ ናቸው። መሬቱ ተሸርሽሯል፣ ማሳው ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ጠቧል። መሬት የሌለው ወጣት ወይ ይሰደዳል ወይ ይጠብቃል። ባና ብቻውን ወረዳ አይመግብም። ነገር ግን ጥሬ ዕቃው ደጃፍ ላይ ያለ፣ ሙያው በሽማግሌ እጅ ገና ያልጠፋ ሥራ ለመጀመር ብዙ ካፒታል አይጠይቅም።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ጋይንት ላይ ወርቁም መዳብ ተብሎ ተቆጠረ፣ አንጥረኛውም ተሰደበ። ሥልጠናና ብድር ይምጣ፤ ግን ሸማኔው ልጁን ወደ ሙያው ሳያፍር የሚጠራበት ቀን ካልመጣ፣ የሚሠለጥነው ሰው አይገኝም።